በቁሜ የቆመልኝ የመቃብር ድንጋይ

የወይን መግረዣ ወር፣ ቀን 4

ዛሬም ሽመና። ጧት ምስር፣ ማታ ምስር። ከሰዓት ከመጋረጃው ወዲህ ተደርድረን ተቀመጥን፤ አባታችን ፖሊማርኮስ ከወዲያ ሆነው አስተማሩ። ፊታቸውን አላውቀውም። አራት ዓመት ከአሥር ወር ድምፃቸውን ብቻ... ሁለት ወር ቀረኝ። አምስቱን የዝምታ ዓመት ስጨርስ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ወደ ውስጥ እገባለሁ። መጠየቅ እችላለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

የዛሬው ትምህርት የመዶሻው ነገር ነበር። መምህራችን ፓይታጎረስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በአንጥረኛ ደጅ ሲያልፉ መዶሻዎች ሲያዜሙ ሰሙ ይባላል። አንዱ በክብደት የሌላው እጥፍ ነበር። ድምፃቸው ያው ሆኖ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፤ ወንድና ሴት አንድ ዜማ ሲያወጡ እንደሚሆነው። ክርም ላይ እጥፍ ክብደት ብታንጠለጥል እንደዚያው ነው አሉ። ዓለም በቁጥር ተሰፍቶ... ይህን ስሰማ አሁንም ልቤ ይሞላል።

ግን እኔ የአንጥረኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ጋ ትልቁም ትንሹም መዶሻ ሲያርፍ የሚጮኸው መስፉ ነው፤ ድምፁም ያው አንድ ነው። ለማን ልበለው? ዝም።

ቀን 9

እጄ አላርፍ አለ። ድሩን ወደ ታች ከሚስቡት የሸክላ ክብደቶች አምስት እኩል መረጥኩ። ሁለት እኩል የክራር ጅማት ሰቀልኩ። በአንደኛው አንድ ሸክላ፣ በሌላው ሁለት። እጥፍ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ መምጣት ነበረበት።

አልመጣም! ጅራቷን የተረገጠች ድመት የመሰለ ነገር ወጣ። ሦስት አደረግኩት። ኧረ እሱም የለም። አራት ሳደርገው... መጣ። ጥርት ብሎ።

እጥፍ አይበቃም ማለት ነው። የእጥፍ እጥፍ ነው። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት እንጃ። ቁጥሩ እኮ አልጠፋም! እንዲያውም ከተነገረን የበለጠ ያምራል።

ቀን 10

ለዞይሎስ ነገርኩት። ለሌላ ለማን እነግራለሁ? እዚህ ቤት በአንድ ቀን ነው የገባነው። የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ነው፤ እንደሱ ያለ ጆሮ ደግሞ በቤቱ ማንም የለውም። ግቢ ውስጥ ዝም እንላለን፤ ምንጩ ጋ ስንወርድ ግን... ሁለታችንም እንሾካሾካለን። የሁለታችን ኃጢአት።

"አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?"

"ና አንዴ ስማውና ፍረድ።"

"አልሰማም። እሳቸው ብለዋል፣ አለቀ።"

"እሳቸው ብለውት ባይሆንስ? ጆሮ የነበራቸው ሰው ናቸው። ከኋላ የመጣው ቢሆንስ ያወራው?"

እንስራውን አስቀመጠ። "ቲማሬታ፣ በሞቴ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።"

"አንተስ?"

"በአራቱ ይሁንብኝ!"

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ከዚህ የሚበልጥ መሐላ የለንም። አመንኩት። የወዳጅ ነገር የጋራ ነው አይደል የሚባለው?

ቀን 16

ምንጩ ጋ አልመጣም። አምስት ቀኑ። ታሞ ይሆን?

ቀን 18

አልታመመም።

አባታችን ፖሊማርኮስ ከመጋረጃው ወዲያ ጠየቁ፦ "ሸክላ እየሰቀለች መምህሩን የምታርም አንዲት ሴት እዚህ ነበረች። የት ደረሰች?" እኔ መሐል ላይ ተቀምጫለሁ። ከዚያ መልስ መጣ፤ ከኛ በኩል ሳይሆን ከመጋረጃው ወዲያ።

"ሞታለች።"

የዞይሎስ ድምፅ ነበር። ሹክሹክታ አይደለም፤ ጮክ ብሎ። ሁለት ወር ቀድመው አስገቡት። ዋጋው እኔ ነኝ።

ምንጩ ጋ እሱም ይናገር እንደነበር አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩበትም። ለምን? እንጃ። ሞኝ!

ከቤቱ ለሚወጣ ያመጣውን እጥፍ አድርጎ መመለስ ሥርዓት ነው። ስገባ አንዲት ፍየል ነድቼ ነበር የመጣሁት። ሁለት ሰጡኝ። አንዷ አንካሳ ናት።

የአበባ ወር፣ ቀን 1

አባቴ ቤት ነኝ። ዛሬ ከከተማው በር ውጭ አየሁት። ለወጣ ሰው እንደ ሞተ ቆጥረው የመቃብር ድንጋይ እንደሚያቆሙ አውቃለሁ፤ ለሌላው ሲያቆሙ አብሬ አልቅሻለሁ እኮ። የራስ ሲሆን ግን...

ስሜ። የአባቴ ስም። "ደህና ሁኚ።"

ማን እንደቀረጸው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ዞይሎስ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ወደ ግራ ያጋድለዋል። እኔን በሰም ሰሌዳ ሲያስጽፈኝም እንደዚያ ነበር፤ የኔም ፊደል ከሱ ወርሶ ያጋደለ ነው። አሳምሮ ነው የቀረጸው። ያንገበገበኝ ይህ ነው።

ስመለስ ሁለት የቤቱ ሴቶች መንገድ ላይ አገኙኝ። አብሬያቸው የሸመንኩ ሴቶች። ባዶ ቦታ እንደሚያዩ አይተውኝ አለፉ።

ቀን 6

አባባ የባቄላ ወጥ አቀረበልኝ። አምስት ዓመት ባቄላ በእጄ አልነካሁም። ገፋሁት።

"ብዪ እንጂ።"

"አባባ፣ የሙታን ነፍስ..."

"ባቄላ ውስጥ ትገባለች፤ ሰምቻለሁ። አንቺስ ሞተሽ የለ? ዘመዶችሽን ምን አስፈራሽ?"

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ አባባ ደንግጦ ወናፉን ይዞ ወጣ። ወጡን በላሁት። ጨው በዝቶበታል።

ቀን 12

አምስት የሸክላ ክብደትና ሁለት ጅማት ይዤ ወደ ድንጋዬ ሄድኩ። ድንጋይ ካቆሙልኝ ይጠቅመኝ! አናቱ ላይ ሁለቱንም ጅማት አሰርኩ፤ በአንደኛው አንድ፣ በሌላው አራት አንጠለጠልኩ።

ዞይሎስ ወተትና ማር ይዞ መጣ። ለሟች የሚፈሰውን። ዓይኑ በላዬ አለፈ፤ ሥርዓቱን ጠበቀ። እግሬ ሥር አፈሰሰው፤ ጫማዬ ራሰ።

"አንተ! ምን አደረግኩህ?" አልኩት። የቀረውን ጠብታ አንጠፈጠፈ። "ሳትሰማው እንዴት ሸጥከኝ?" ሊሄድ ዞረ።

ጅማቶቹን መታኋቸው። ወፍራሙን፣ ከዚያ ቀጭኑን። ያው ድምፅ። አፉ አመለጠው... ድምፁን ተቀብሎ አንጎራጎረ! ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ ወደ ከተማው እያየ፦ "ነፋስ ነው" አለ።

ሁሉንም እንደተሰቀለ ትቼው መጣሁ። ፊቱ መቆም አልቻልኩም። ይቅር የምለው አይመስለኝም።

ቀን 13

ጧት ሸክላዎቼን ላመጣ ሄድኩ። ድንጋዩ አለ፤ ማሩን ጉንዳን ወርሮታል። ጅማቶቹ የሉም። አምስቱም ሸክላዎች የሉም። ቋጠሮው አልተበጠሰም፤ ቀስ ተብሎ ነው የተፈታው።

ወስዷቸዋል። እንግዲህ ይሞክረው። በሩን ዘግቶ አንድ ይስቀል፣ ሁለት ይስቀል፣ አራት ይስቀል። ሲመጣለት ለማን ይነግራል? ማንን ያምናል?

እኔ ጋ እንዳይመጣ ብቻ። እኔ ሞቻለሁ።