ሰዓዳ እና ትልቁ መርከብ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14፣ ቆቦ

ልጄ ሰዓዳ ዛሬ ደወለች። ቱሪስት በሚያንሸራሽሩ መርከቦች ላይ መኝታ ክፍል ታጸዳለች። ባለፈው ወር «ከትንሹ መርከብ ወደ ትልቁ ልዛወር ወይ?» ብላ አማከረችኝ። ባሕር አይቼ የማላውቀው እኔ፣ በዋጃ መንገድ ሚኒባስ ሲገለበጥ እንጂ ትልቅ አውቶቡስ ሲገለበጥ ስላላየሁ፣ «ትልቁ ይሻልሻል» አልኳት። መርከብና አውቶቡስ አንድ መስሎኝ!

«ትንሹ ላይ እንግዶቹ እንኳ በስሜ ነበር የሚጠሩኝ» አለች። «ይሄኛው ከተማ ነው አባ፣ ማንም አያውቀኝም። መኝታችን ከውኃው በታች ነው። ፀሐይ ካየሁ ሳምንት ሆነኝ።»

አንተ ነህ የላክኸኝ አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቆቦ ዛሬ ፀሐይ ነው?» አለችኝ።

አናት በሚበሳው ፀሐይ መሀል ቆሜ፣ «ኧረ ደመና ነው፣ ልጄ» አልኳት።