ሳህኑ ስንት ይይዛል

ማክሰኞ ከሰዓት፣ አባትሽን ሸለብ ሲያደርገው

ሚጢጢዬ፣ የኔ እናት፣

እንደምን አለሽልኝ? ፈተናው እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ጉልበቴን ያዝ ያደርገኛል። ስለ አባትሽ እመጣበታለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ ጆሮው ደህና ነው፤ ስለዚህ ጻፍኩት። የጎረቤታችን ልጅ ነገ ደብዳቤውን በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

ባለፈው ስትደውዪ «አባዬ ይበላል ወይ?» አልሽኝ፤ «ሳህኑን ጥርግ አድርጎ ነው የሚጨርሰው» አልኩሽ። ደስ ይላታል ስል «ሳህኑ ስንት ይይዛል?» ብለሽ አረፍሽው። እኔ እቴ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ወጥ ስሠራ ሳህን ለክቼ አላውቅም። ድስቱ ለስንት ሰው እንደሚበቃ የሚያውቀው እጄ ነው። ግን ጥያቄሽ ከሆዴ አልወጣ አለ። ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሾርባው በየማዕዱ ከሦስት መቶ ሚሊ ሊትር እንዳያንስ ብሎ ነበር። ሐሙስ ሲመዘን ኪሎው አሁንም ከቀነሰ ሆስፒታል ይተኛል።

ዛሬ ጠዋት የግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ሞልቼ ሳህኑ ላይ ገለበጥኩት። ሲሶው እንደወረደ ጢም አለ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ለነገሩ ሳህኑ የሾርባ ሳህን አይደለም፣ ልጄ። አንቺ ትንሽ ሳለሽ የምትበዪበት ነው፤ ያ ጠርዙ ላይ ዳክዬ ያለበት። በትልቁ ስሰጠው ግማሹን ይተውና ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞር ነበር። ያንን ማየት አቃተኝ። በትንሹ ሳቀርብለት ጨረሰ፤ እኔም «ጨረሰ» እያልኩ ደስ አለኝ። ራሴን ነው ያታለልኩት።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሱሪውን ላጥብ ሳነሳ ወገቡ ላይ አዲስ ክር አየሁ። ልብስ ሰፊ አይደል? እኔ ገበያ ስወጣ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ የገዛ ሱሪውን ወገብ ሲያጠብብ ከርሟል፤ አንዴም አይደለም፣ ስፌት በስፌት ላይ ነው። ወስጄ ፊቱ ዘረጋሁት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አንቺ ሳህን ስታሳንሺ እኔ ሱሪ አጠበብኩ» አለኝ ሳይደነግጥ። «እኩል ነን።»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ፤ ሁለቱንም አደረግኩ። ከዚያ «ለልጅቷ እንዳትነግሪ፣ ፈተና ላይ ናት» አለኝ። እሺ ብዬዋለሁ። ስለዚህ ይኼን ሁሉ የምጽፍልሽ ስለ ሳህን ነው እንጂ ስለ እሱ አይደለም፤ ተግባባን?

ለምሳ በልኩ ሠራሁ። ምስርና ካሮት በአራት ጠርሙስ ውሃ ጣድኩ፤ ተንተክትኮ ሦስት ጠርሙስ ያህል ሆነ። በሐኪሙ ልክ ለአምስት ሰው ይሆናል፤ በዳክዬው ሳህን ግን ዘጠኝ ይወጣዋል። ድስቱ አልጎድል ሲለኝ የሰነበተው ለካ በዚህ ነው። በትልቁ ሳህን ለክቼ ሰጠሁትና አጠገቡ ተቀምጬ በላሁ። ቀስ እያለ ሄደ፣ መሃል ላይ ማንኪያውን አስቀመጠ። አልተቆጣሁም። ጓዳ ገብቼ የተረፈውን ስለካው ግማሹ እንዳለ ነው። የበላው ያው የዳክዬውን ያህል ነው።

ፈርቻለሁ፣ ልጄ። እስከ ሐሙስ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ቶሎ ቶሎ እሰጠዋለሁ፤ ቢሆንልኝ። አንቺ ግን እንዳትመጪ። አርፈሽ ፈተናሽን ጨርሺ፤ አባትሽም የሚለው ይህንኑ ነው። ፈጣሪ ያሰብሽውን ይሙላልሽ፣ የነካሽው ሁሉ ይቅናሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።

የምትሳሳልሽ እናትሽ

ለሁለት ሰው የሚሆነውን አሁን ለክቼ አውቄዋለሁ። ለሦስት ከሆነ ግን ቀደም ብለሽ ንገሪኝ። ትልቁ ድስት ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው ያለው፤ አባትሽ ደግሞ አሁን አያወርድልኝም።