የአባትህ በር

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤ የሄድክበት ይቅናህ፣ የረገጥከው መሬት ይጽናልህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ባለፈው እሑድ የልብስ ፋብሪካው ለአባትህ መታሰቢያ አስመረቀ። በቃጠሎው ቀን ሰንሰለቱን በመዶሻ ሰብሮ ሠራተኞቹን ያስወጣበት፣ ራሱ ግን ሳይወጣ የቀረበት የኋላ በር ላይ የነሐስ ሰሌዳ ሰቀሉለት። ያኔ «ጨርቅ ይሰርቃሉ» ብሎ በሩን ያስቆለፈው ሥራ አስኪያጅ ንግግር አደረገ። «ጀግናችን» እያለ እንባውን ጠረገ፤ እኔንም እንደ ሙሽራ አበባ አሳቀፉኝ።

ስወጣ በሩን ብገፋው አልከፈት አለኝ።

«ምነው?» አልኩት ዘበኛውን።

«እማማ፣ ሰሌዳው እንዳይቧጨር ተቆልፎ ይዋል ተብሏል።»

ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ የአባትህ ግን ከአሟሟቱ አከባበሩ ባሰኝ።

ታናሽ እህትህ እዚያው ስፌት ክፍል ገብታለች። ውጪ ብላት «የጀግና ልጅ ብለው ነው የቀጠሩኝ» ብላ ትኮራብኛለች። አንተን ትሰማለችና እባክህ ደውልላት፣ የኔ ጌታ። እኔ ለሌላ ሰሌዳ የምሰጠው ሰው የለኝም።

የገባህበት በር ሁሉ የሚያስወጣህ ይሁን።

እናትህ