የዘመመው ግድግዳና የእማማ ደስታ እድር

የካቲት 8 ቀን 1978፣ ቅዳሜ፣ 10 ሰዓት

ዛሬም ሄድኩ። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ቤቱ አልተሻለውም።

የጭቃ ቤት፣ በንጉሡ ጊዜ የተሠራ፣ ከአሰላ ወጣ ብሎ ወደ ጭላሎ በሚያወጣው መንገድ ዳር። ሁለት ክፍል፣ ከጓሮ አንድ ተቀጥላ። ቆርቆሮው ዝጓል። የፊተኛው ክፍል ደህና። የጓሮው ክፍል ግድግዳ ግን ወደ ውስጥ ዘምሟል፤ ተማሪ በፈተና ቀን ወደ ጎረቤቱ እንደሚያዘነብለው፣ በቀስታ፣ ማንም እንዳያየው።

በጃንጥላዬ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረግኩት። ጭድና አፈር ረገፈ። ባለቤቲቱ እማማ ደስታ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። «ተወው ልጄ፤ እኔንም እንደዚያ ብትወጋኝ የሚረግፈው አፈር ነው» አሉኝ።

ደብተሬ፣ አንቺ አዲስ ነሽና ይህን እወቂ። የምንኖርባት የቀበሌ ክፍል ለሕፃናት መዋያ ተፈልጋለች። ከፋሲካ በፊት ልቀቁ ተብለናል። ሌላ ክፍል? ተራ ጠብቁ። ባለቤቴ አልማዝ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። ይህን ብቻ ጽፌ ልለፈው። እኔ በ2ኛ ደረጃ ት/ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ዓለም የት የት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኛ የት እንደምንተኛ ግን አላውቅም።

ቤት ማከራየት ለግለሰብ ክልክል ነው። መሬት አይሸጥም፣ የመንግሥት ነው። የሚሸጠው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ። እንግዲህ የምገዛው ግድግዳ ነው። እሱም ዘምሟል።

እማማ ደስታ ሁሩታ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው የሚሸጡት። ወንዱ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ይህን ሲነግሩኝ ምስሩን መልቀም አላቆሙም።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ቀበሌ ጽ/ቤት። ሊቀ መንበሩ ሕጉን አስረዳኝ። ቤት ሲሸጥ የመጀመሪያው ገዢ መንግሥት ነው። እሱ ካልፈለገው ለእኔ ይደርሳል። መንግሥት እንዳይጓጓ ብዬ ግድግዳው መዝመሙን ነገርኩት። ጻፈው። እያወቅህ ታዲያ ለምን ትገዛለህ አለኝ። ጃንጥላዬን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ። እሱንም ጻፈው።

ማታ አልማዝ ስለ ሰፈሩ ጠየቀችኝ። ስለ ጣሪያው ነገርኳት። ስለ ሰዎቹ ነው የምጠይቅህ፣ ምጥ ቢይዘኝ ማን ነው በሩን የሚያንኳኳው አለች። አላውቅም አልኩ። ሄደህ እወቃ!

የካቲት 13፣ ሐሙስ፣ ማታ

ሰፈር የሚታወቀው በልቅሶው ነው። እናቴ ቤት ከመለወጧ በፊት በቅርቡ ወዳለ ልቅሶ ሄዳ ትቀመጥ ነበር። ማን ቀድሞ ይደርሳል፣ ማን ውሃ ይቀዳል፣ ማን በልቶ ይጠፋል፤ ሁሉን አይታ ትመለሳለች። አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም።

ከእማማ ደስታ ቤት ጥቂት በር አለፍ ብሎ አንድ አናጢ አርፏል። ነፍሱን ይማር፤ በጊዜው ደረሰልኝ። ጥቁር ኮቴን ለብሼ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። አንገቴን ደፋሁ። አጠናሁ።

አግዳሚው ጠንካራ። ውሃ የሚቀዱ ብዙ። ሐዘንተኛውን ለማስተዛዘን የመጡት ካርታ ሲጫወቱ አይሰራረቁም። ሐጂውም ቄሱም አንድ አግዳሚ ላይ ስለ ገብስ ዋጋ ይነጋገራሉ። የንፍሮው ጨው ልክ ነው። ሰፈሩ ጥሩ ሰፈር ነው። ይህ አሳዘነኝ። መጥፎ ቢሆን መተው ይቀል ነበር።

ከዚያ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ቱፋ አጠገቤ ተቀመጡ። ረጅም ሽማግሌ፣ ከዘራቸው ከእሳቸው የሚረዝም። እጅጌዬ ላይ ያለውን ጠመኔ አዩ። «አከም፣ በርሲሳ» አሉኝ በኦሮምኛ፤ እንዴት ነህ መምህር ማለታቸው ነው። ለሟች ምናቸው ነህ? ጎረቤት፣ አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አልነበርኩበትም። የየትኛው ቤት? በአገጬ ወደ እማማ ደስታ ቤት አመለከትኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንኳን ደህና መጣህ አሉ፣ ንፍሮ እንዲደገምልኝ አዘዙ።

በላሁት።

የካቲት 17፣ ሰኞ

እማማ ደስታ ዘንድ ነበርኩ። በርጩማ አልተሰጠኝም። ቆሜ ሰማሁ።

ትናንት እድሩ ተሰብስቧል። ደንቡ አንድ ቤት አንድ አባል ነው። አዲሱ ባለቤት ገብቷል፣ ራሱ በልቅሶው ላይ ተናግሯል ተባለ። የእማማ ደስታ ስም ተሰረዘ። በቦታው «የመምህሩ ቤት» ገባ። ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም፤ ሙያዬ በቃቸው።

የእሳቸው ሐሳብ ሌላ ነበር። ሁሩታ ሄደው እድሩን ከዚያ ሆነው ሊከፍሉ፣ ቀናቸው ሲደርስ እነዚሁ ሰዎች አምጥተው ከባላቸው ጎን እንዲቀብሯቸው። ደንቡ እንደማይፈቅድ ያውቃሉ። ቤቱን ከመሸጣቸው በፊት ኦቦ ቱፋን ለብቻቸው፣ ቀስ ብለው ሊለምኑ ቀን ይጠብቁ ነበር። እኔ ቀደምኳቸው።

«ቤቴን ሳትገዛ ቀብሬን ወሰድክብኝ» አሉኝ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

ለአልማዝ ነገርኳት። ሰፈሩን ላጥና ብለህ ሄደህ ሰፈሩ አጠናህ፣ አለች።

የካቲት 23፣ እሑድ

የእድሩ ስብሰባ፣ ኦቦ ቱፋ ግቢ። ተነስቼ ቆምኩ። ቤቱን አልገዛሁም፣ ጎረቤት አይደለሁም፣ ሟቹንም አላውቀውም አልኩ።

ኦቦ ቱፋ ሳይቆጡ ፈረዱ። በልቅሶ ላይ ዋሽቶ የበላ፣ ቀጥሎ ለሚሞተው ጉድጓድ ይቆፍራል። አንዱ ከኋላ፣ ጂኦግራፊ ነው የሚያስተምረው፣ አፈሩን አያጣውም አለ። ሌላው፣ በካርታው ላይ ቆፍሮ እንዳይሄድ ብቻ ጠብቁት! ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

የእማማ ደስታ ስም ተመለሰ። እድሉ ሳለ ብዬ ጠየቅኩ፦ ሸጠው ቢሄዱ ከሁሩታ ሆነው መቀጠል ይችላሉ? አይችሉም ተባልኩ። ለአንድ ሰው ከተፈቀደ ነገ ግማሹ ከተማ ናዝሬት ተቀምጦ እዚህ ልቀበር ይላል።

ስለዚህ እማማ ደስታ አይሸጡም። ቤቱም የለም። ስማቸውን አስመልሼ ቤታችንን ሸኘሁ፤ ሁለቱንም በአንድ ንግግር። ቅልጥፍናዬ አስገረመኝ።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

የላይኛው መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ አርፈዋል። ተጠራሁ። ቆፈርኩ። ካርታ ተጫዋቾቹ አብረውኝ ቆፈሩ፤ የእነሱ ቅጣት አልነበረም። አፈሩ ከላይ ጥቁር፣ ከሥር ቀይ። ለ9ኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ ከምሥለው ጋር አይገናኝም። ኦቦ ቱፋ ጥልቀቱን በከዘራቸው ለኩ። ጨምር አሉ። ጨመርኩ።

መዳፌ ተልጧል። ብዕር መያዝ ያመኛል። ይብቃሽ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

የበልግ ዝናብ ጀመረ። የሕፃናት መዋያው ሰዎች ክፍላችንን ሊለኩ መጡ። ምሳ ላይ ነበርን። ትሁት ናቸው፣ ጫማቸውን በር ላይ ጠረጉ። ሜትር የያዘው ሰው አልማዝን ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ አላት። ሆዷን ይዛ ፈቀቅ አለች። ለካ። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። የጠመኔው ምልክት ከአልጋችን በላይ ነው፤ አሁን እያየሁት ነው የምጽፍልሽ።

አልማዝ እናቷ ዘንድ ሳጉሬ ብትሄድ ይሻላል ተባባልን። እዚያ ሐኪም እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ሁለታችንም አላነሳነውም።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ፣ ማታ

እማማ ደስታ ላኩብን። አልማዝንም ይዘህ ና።

በዝናብ ሄድን። ዛሬ ለሁለታችንም በርጩማ ቀረበ። ነገሩን ሳያንዛዙ ተናገሩ። ሁሩታ መሄዱን ትተውታል። የጓሮው ክፍል ባዶ ነው። ኪራይ አይቀበሉም፤ ቢቀበሉም ይታሰራሉ። ቀበሌ ከጠየቀ የእህቴ ልጅ ነው እላለሁ፣ አንተም እንደዚያ በል። ልጃቸው ከመጣ ክፍሉ የእሱ ነው። ሁላችንም ከመጣ አልን። ሲመጣ ያለ የለም።

የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ ግድግዳው ድጋፍ ይቁምለት። ሁለተኛው፣ የሞቱ ዕለት ከድንኳኑ በር ልጃቸው በሚቆምበት ቦታ ቆሜ እግዜር ያጥናህ የሚለውን ሁሉ እንድቀበል። የወንድ ልጅ ቦታ ባዶ እንዳይሆንባቸው። እኔ ለዚህ አልሆንም አልኳቸው፤ የዋሸሁትን ያውቃሉ።

«አየሁህ እኮ» አሉ። «ከሴቶቹ ጋር ሆኜ። የማታውቀው ሰው ልቅሶ ላይ አንገትህን ደፍተህ ስትቀመጥ። አቀማመጥህ ጥሩ ነበር።»

አልማዝ ተነስታ የጓሮውን ክፍል ልታይ ገባች። ተከተልኳት። ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈሳል። ግድግዳው ከባለፈው የበለጠ መጥቷል። መዳፏን አሳረፈችበት፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚነካ። አልጋው በየት በኩል ይሆናል አለችኝ። በዚያኛው፣ አልኩ።

ሁለት የባሕር ዛፍ ድጋፍ ፋሲካን ያሻግረው ይሆናል። ስለ ክረምቱ ምንም አልልሽም። ሊቀ መንበሩ ቤቱን ልገዛ እንደነበር ጽፎ ይዞታል። አሁን ደግሞ ዘመድ ነኝ ልለው ነው። አያምነኝም። ሳያምነኝም ግን ሊፈርምልኝ ይችላል፤ ሲሆን አይቻለሁ።

ቤት ልንገዛ ወጥተን ለቀብር ተቀጠርን። እንገባለን። ተወስኗል።

ነገ ጠዋት ቀበሌ እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ግን በእማማ ደስታ በኩል ማለፍ አለብኝ። የእህታቸውን ስም ሳልጠይቅ ነው የወጣሁት።