ስለ ዶሮዎቹና ስለ ሂሻም እጅ

ይድረስ ለባሌ እናት፣ ለእናቴ፤

ሰላምታዬ ከናፍቆቴ ጋር ጀልዴሳ ድረስ ይግባ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዝናቡስ ጣል አደረገ? ፍየሎቹስ ወለዱ? እኔና ልጄ ፋርሂያ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ፋርሂያ የፊት ጥርሷ ወልቆ እንደ አሮጊት ትስቃለች፤ ብታያት በሳቅ ትሞቻለሽ።

ያልደወልኩት ረስቼሽ አይደለም። እናንተ ቤት ስልክ ሲመጣ ድምፁን ከፍ ታደርጉና ግመል ጠባቂው ሳይቀር ይሰማል። ይህን የእህትሽ ልጅ ኒሞ ታንብብልሽ። ኒሞዬ፣ መጀመሪያ በሩን ዝጊ።

ልጅሽ ሂሻም እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ወደ አንቺ ይመጣል፤ ምናልባትም ደርሷል። የብረት በር ቆረጠኝ ይልሻል። በር አይደለም። ከእኔ ስሚው።

ባሌ ጦልሃ ከሞተብኝ በኋላ የሥጋ ዶሮ ማርባት መጀመሬን ታውቂያለሽ። የጓሮውን ክፍል ወለሉን ሰጋቱራ አልብሼ፣ ግድግዳውን ከወገብ በላይ በሽቦ መረብ አድርጌ፣ ጫጩቶቹን እንደ ልጅ አሳደግኳቸው። የድሬን ፀሐይ ታውቂያታለሽ። እነዚህ ዶሮዎች ደግሞ ሥጋቸው ከልባቸው ቀድሞ ነው የሚያድገው፤ ሙቀት አይችሉም። ቀትር ላይ መኖ አነሳባቸዋለሁ፣ ውሃቸው ውስጥ በረዶ እጥላለሁ፣ ቬንትሌተሩም ለአፍታ አይጠፋም። እኔ በላብ ስዋኝ እነሱ ንፋስ ይቀበላሉ። ፋብሪካ የሚሠራው ጎረቤቴ አለምብርሃን ምነው የአንቺ ዶሮ ባደረገኝ ይለኛል።

ማረዱ ግን የሂሻም ነበር። በቤታችን ሴት ለእርድ ቢላዋ አታነሳም፤ አንቺም ራስሽ ዶሮ አቅፈሽ አላፊ ወንድ ፍለጋ በር ላይ ስትቆሚ አይቻለሁ። ሂሻም መጀመሪያ ላይ ሳይሰለች ያርድልኝ ነበር። ዒዳዬን፣ የሐዘን ወራቴን፣ እንደጨረስኩ ወሬው ተቀየረ። የወንድሜ ቤት ቤቴ ነው፣ የወንድሜም ሚስት የእኔ ናት አለ። ወግ ነው አለ። አልፈልግም አልኩት። እንግዲያው ዶሮሽን ማን እንደሚያርድልሽ አያለሁ ብሎ ቀረ። ዶሮዎቹ ከብደው እግራቸው አልሸከም አላቸው። አለምብርሃን እኔ ልረድልሽ አለና ራሱ ሳቀ፤ እሱ ክርስቲያን፣ ደንበኞቼ ሙስሊም፣ ማን ሊበላልኝ!

ባለፈው ሐሙስ ለቬንትሌተሩ ገመድ ልገዛ ታይዋን ገበያ ወጣሁ። ስመለስ ግቢው ጭጭ ብሏል። ቬንትሌተሩ ጠፍቷል። ሽቦው በሸራ ተጋርዷል። በሩ ሂሻም ባጃጁን በሚያስርበት ሰንሰለት ተቆልፏል። በቀትር! የበሩን ማጠፊያ በድንጋይ ቀጥቅጬ ነቀልኩት፤ ጥፍሬም አብሮ ተነቀለ።

ውስጡ ምድጃ ነበር። አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ጥግ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ተቆልለዋል። ከታች ያሉት አልቀዋል። ከላይ ያሉት ያጣጥራሉ፤ አንዷ እጄ ላይ አንገቷን ጣለች። ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፣ ማንም አይነካውም። ወንድ ፍለጋ ብወጣ እስክመለስ ሁሉም በክት ይሆናል። ሴቶችን ቁርአን የምታስተምረው ዓኒሳ ሴትም ብትሆን ቢስሚላህ ብላ ካረደች ሐላል ነው ብላን ነበር፤ ያኔ ስቀንባት ነበር። ቢላዋውን አነሳሁ።

የመጀመሪያዋን በደንብ አልቆረጥኳትም፤ ተንፈራግጣ ደሟን ፊቴ ላይ ረጨችው። አላህ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ በኋላ ግን እጄ ለመደ። ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር፣ ቆርጬ እጥላለሁ፣ ሌላዋን እይዛለሁ። እስከ ክርኔ ደም በደም ሆንኩ። አልደብቅሽም እናቴ፣ የምጠራው የአላህን ስም ነው፣ የሚታየኝ ግን የሂሻም አንገት ነበር።

እሱም ያን ጊዜ ገባ። ሴት አረደች፣ በክት ነው እያለ ሰፈሩን በጩኸት ሞላው፤ ሥጋው ያለበትን ሳፋ በእግሩ ደፋው። ፀጉሬን ጠቅልሎ ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ፤ አንዴ ብቻ አይደለም። ፋርሂያ በሩ ላይ ቆማ ትጮሃለች። ከዚያ ቢላዋውን ሊነጥቀኝ በስለቱ በኩል ጨበጠው። እኔ አልወጋሁትም። ልቀቂ አለኝ፣ አልለቀቅኩም። ጎተትኩት። ሐኪሙ ጣቶቹ ከእንግዲህ በደንብ አይታጠፉም ብሏል። አዝኛለሁ ብዬ አልዋሽሽም።

ምግብ ቤት ያላት ሃሊሞ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ደሙን አየች፣ ያበጠ ፊቴን አየች። ቢስሚላህ ብለሻል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ብያለሁ አልኳት። ያረድኩትን ሁሉ አጣጥባ ጭና ወሰደች።

አሁን ሽማግሌዎቹ ከጁምዓ በኋላ አንቺ ዘንድ ይመጣሉ። ወይ ሂሻምን ታግባ፣ ወይ ፋርሂያን ለአባቷ ወገን ትታ ከግቢው ትውጣ ብለዋል። ልጄን! ልጄን ከምሰጥ ነፍሴን ብሰጥ ይሻለኛል። የመጨረሻውን ቃል የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ፤ አንቺ አይሆንም ካልሽ የሚደፍር የለም።

ኒሞዬ፣ ይሄን ደግሞ ቀስ ብለሽ በጆሮዋ ንገሪያት።

እናቴ፣ በጦልሃ ለቅሶ ፀጉሬን ስትጎነጉኚልኝ ስለ ሂሻም አባት ጠይቄሽ ነበር። እጅሽ ቀጥ አለ። አትነቃነቂ፣ ያምሻል አልሽኝ። ጦልሃ የአባቴ ወንድም እያለ ያወራልኝ የነበረው ሰውና ሂሻም አባቴ የሚለው ሰው አንድ መሆኑ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ያ ሰው በተቀበረ ቀን ፍየል ስታልቢ ዋልሽ፣ አንዲት እንባ ከዓይንሽ አልወጣም ይላሉ። ለምን ብዬ አልጠይቅሽም። ግን ያኔ ለባልሽ ወንድም ሲሰጡሽ፣ አንቺን ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀሽ ሰው ነበር? ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ይህን አስቢልኝ።

የሂሻምን ቁስል በሞቀ ውሃ እጠቢለት፤ ልጅሽ ነው። አላህ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ደጅሽን ዝናብ አይለየው፣ ፋርሂያን በጉልበትሽ ላይ አስቀምጠሽ የምትስሚበትን ቀን ያምጣልን።

የበኩር ልጅሽ ሚስት፣
የእሱ ብቻ።