ሦስት ጣት ጨርቅ

ጥቅምት 4

ዛሬም እንደ ትናንት። አንድ ሱሪ ማሳጠር፣ ሁለት ዚፕ መቀየር፣ አንድ ኮት። ኮቱ የባንክ ቤቱ ሰውዬ ነው። አባዬ ቆረጠ፣ እኔ ሰፋሁ። ማለት… አባዬ ቆረጠ፣ እኔ እንደገና ቆረጥኩ፣ ከዚያ ሰፋሁ።

ይኼን ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ልናገር? እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። መቀሱ የጠመኔውን መስመር ይዞ ደህና ይሄድና ብብት ጋ ሲደርስ ይስታል። አንገት ጋም እንደዚያው። ስለዚህ ጠዋት ከእሱ ቀድሜ እገባለሁ። ዋዜማውን የቆረጠውን እዘረጋለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ አጣጥፌ እንደነበረ እመልሳለሁ። ደግነቱ እግሩ ከብዶታል መሰለኝ፣ ከቤት ተከትሎኝ ቢወጣም ሱቅ የሚደርሰው ረፍዶ ነው። ደግነቱ ከሩቅ ያስላል፤ ሳሉን ስሰማ መቀሱን አስቀምጬ ማሽኑ ላይ እቀመጣለሁ። ደግነቱ ጨርቁም ይተርፋል። ድሮ ከስፌቱ ወዲያ አንድ ጣት ነበር የሚተው፣ አሁን ሦስት ጣት ይተዋል። ዓይኑም ደክሟል ማለት ነው። የሚተርፈውን ቆርጬ ጓዳ ያለው ከረጢት ውስጥ እጥላለሁ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው የተዘጋጀ ልብስ መሸጫ ዛሬ አዲስ መብራት ሰቀለ። የኛን ሱቅ ሳይቀር አበራልን። ደንበኞቻችንን ወስዶ መብራት ሰጠን፤ ምን ይባላል?

ጥቅምት 9

ሰው አልመጣም። አባዬ ቁልፎቹን በየቀለማቸው ለየ። ትናንትም ለይቷቸው ነበር።

ጥቅምት 16

የሰፈሩ ባለሱቆች ስብሰባ። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ የሕፃናት ወንበር ላይ፣ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ምንም አልቀረው። ከባዶ ተነሥተው ሥራ ያቀኑ ሰዎች ልምዳቸውን ያካፍላሉ ተብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር ለማሾፍ ነበር የሄድኩት።

መጀመሪያ ባለ ሻማዋ ተነሡ። ድምፃቸው ከሰውነታቸው ይበልጣል። «መብራት በየቤቱ ሲገባ ሰው የሞተብኝ ያህል አለቀስኩ» አሉ። «ከዚያ አንዷ መጥታ ‹ለልጄ ልደት ቀይ ሻማ አለዎት?› አለችኝ። የለኝም። ሌላዋ መጣች። የለኝም። ሦስተኛዋ ስትመጣ ‹አንቺ ደንቆሮ፣ ሰው እንዴት አድርጎ ይንገርሽ?› አልኩ ለራሴ።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ቀጥሎ ባለ ብስክሌቱ። የአባዬ ጓደኛ ናቸው፤ ሱቃቸው ከኛ መስታወት ፊት ለፊት፣ ጥጉ ላይ ነው። «እኔ ብስክሌት አከራይ ነበርኩ። ልጆቹ ብስክሌቱን ትተው ስልክ ላይ ተቀመጡ። አሁን ጎማ ያለው ነገር ሁሉ የኔ ነው። የሕፃን ጋሪ፣ የሕመምተኛ ወንበር፣ የሻንጣ እግር ሳይቀር።»

አንዱ «ከሁሉም የከበዳችሁ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ባለ ሻማዋ ድምፃቸው ወረደ። «ከወንድሜ ጋር ነበር የጀመርነው። ሰም የሚያቀልጠው እሱ ነበር። አዲሱን አሠራር አልችልበት ሲል… አስወጣሁት። ሥራው ዳነ። ወንድሜ እስከ ዛሬ ደጄን አይረግጥም።»

መንገድ ሙሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው «ሥራው ዳነ» የሚለው ብቻ ነው።

ጥቅምት 25

ሳይደግስ አይጣላም! የሆቴሉ ኃላፊ ራሷ መጣች። ለአስተናጋጆቿ ሃያ አራት ኮት። ከወደደችው መጋረጃውም፣ የአልጋ ልብሱም፣ በየዓመቱ ወደ እኛ። ጨርቁን ለክታ ነው የምትሰጠን፤ ከዚያ በላይ የለም።

አባዬ እንደ ልጅ ሆነ። ትልቁን መቀስ አወጣ፣ ዘይት ቀባው፣ አየር ላይ ቀጭ ቀጭ አደረገው። «መርፌዬ፣ እንደ ድሮው እንሠራለን!» መርፌዬ የሚለኝ በምላሴ ነው።

ሃያ አራት ኮት። በየብብቱ ቢስት በየትኛው ጠዋት ነው የማስተካክለው? ያን ያህል እየተወ ጨርቁስ ለሃያ አራቱ ይደርሳል?

ጥቅምት 26

ነገርኩት።

እጅህ ይንቀጠቀጣል ማለት አቃተኝ። ሌላ ምክንያት ፈለግሁና አገኘሁ። «አባዬ፣ ጨርቅ እያባከንክ ነው» አልኩት። አላመነኝ እንደሆነ ብዬ ከረጢቱን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ቁርጥራጩ ጠረጴዛውን ሞልቶ መሬት ወረደ። «የሆቴሉን እኔ ልቁረጥ። ከእንግዲህ መቁረጡን ለኔ ተወው።»

ክምሩን አየ። አንዷን ቁራጭ አንሥቶ በጣቶቹ መሃል አሻት። አፉን ከፈተ… መልሶ ዘጋው። «እሺ» አለ። እሺ ብቻ። መቀሱን በጨርቅ ጠቀለለና ወደኔ ገፋው።

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ ግን አምልጦኝ አይደለም። ሳሰናዳው ያደርኩት ነው።

ኅዳር 3

አባዬ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ቁልፍ ይተክላል። ደንበኞች «ጋሼ፣ ምነው ከጠረጴዛው ወረዱ?» ይሉታል። «አለቃዬ ጡረታ አወጣችኝ» ይላል በአገጩ ወደኔ እያመለከተ። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።

ደግሞ የሚገርመው፣ አሁን ጠዋት አብሮኝ ነው የሚገባው። እግሩ ተሽሎታል ማለት ነው።

ምሳ ላይ ሳህኑን ገፋ አደረገ። «አልራበኝም» አለ። ትናንትም አልራበው።

ኅዳር 14

ኮቶቹን ሆቴል ወስጄ አስለካሁ። በመስመሩ ልክ፣ አንድ ጣት ብቻ ትቼ የቆረጥኳቸው። የተረፈውን ጨርቅ ጠቅልዬ ለኃላፊዋ ስመልስላት ምን ያህል ኮርቼ ነበር!

አስተናጋጆቹ ልጆች ቆመው ሲታዩ ያምራሉ። «እስቲ ትሪ አንሡ» አለች ኃላፊዋ። አነሡ። አምስቱ ጀርባቸው ላይ ተወጠረ፤ አንደኛው ጋ ስፌቱ ጠሽ ሲል ሁላችንም ሰማን። «ትንሽ ይሰፋላቸዋል አይደል?» አለችኝ፣ በጨዋነት። አዎ አልኩ። ምን ልበል?

ወደ ሱቅ ይዣቸው መጥቼ ተረተርኳቸው። ውስጣቸው ባዶ ነው። የምለቀው ጨርቅ የለም። አምስቱንም አዲስ ጨርቅ ገዝቼ እንደ አዲስ ነው የምሠራቸው።

እኔ የአባዬን ስንት ኮት አስተካክያለሁ… አንድም ቀን «አይሆንም፣ ተበላሽቷል» ብዬ የጣልኩት የለም። አንድም። ያ ሁሉ ስህተት በምን ነበር የሚቃናው?

ማስታወሻዬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። «ደግነቱ ጨርቁም ይተርፋል» ብዬ ጽፌያለሁ። ደግነቱ! ዓይኑ የደከመ ሰው አንዴ ያጠባል፣ አንዴ ያሰፋል። ሁልጊዜ ሦስት ጣት፣ ሁልጊዜ ወደ ውጭ… እንዴት ዓይኑ ደከመ አልኩ? መቀሱ የትም ቢስት ልብሱን እንዳይነካው፣ መስመሩን ራሱን ወደ ውጭ እያወጣው ነበር። እጁ እንደማይታዘዝለት ከኔ በፊት ያውቃል።

እኔ ደግሞ ያንኑ ጨርቅ ፊቱ ዘረገፍኩት።

ኅዳር 15

ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ያን ሁሉ ጨርቅ ለምን ነበር የምትተወው?»

ቀና ሳይል «አባካኝ ስለሆንኩ ነዋ» አለኝ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት። «በይ ይቺን ክር አስገቢልኝ፣ የመርፌዋ ዓይን ጠፋብኝ።»

አስገባሁለት። ይቅርታ ልለው ነበር፤ በቃሉ ፋንታ መቀሱን አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። መልሶ ገፋው። «አይ፣ አንቺ ጋ ይሁን። አምስቱን አብረን እንሠራለን። እኔ አሰምራለሁ፣ አንቺ ትቆርጫለሽ።»

ኅዳር 19

አባዬ ያሰምራል፣ እኔ እቆርጣለሁ። መስመሩ የጉንዳን መንገድ ነው፣ ይጥመለመላል። «ውጭ ውጭውን ያዢ፣ መርፌዬ። ወደ ውስጥ የገባ አይመለስም፤ በውጭ የቀረውን ግን ሁልጊዜ ታጠቢዋለሽ።»

ምሳውን ጨረሰ ዛሬ። ጠረጴዛው አንድ ጫፍ ላይ እሱ፣ አንድ ጫፍ ላይ እኔ። ይቅርታውን ኮቶቹ ሲያልቁ እነግረዋለሁ አልኩ።

ኅዳር 24

አምስቱን አስረከብን። ልጆቹ ትሪ አነሡ፣ ምንም አልተወጠረም። አባዬ ኮሌታቸውን በየተራ አቃናላቸው። ስንመለስ ደክሞት ነበር። ነገ ይደርሳል ብዬ አልነገርኩትም።

ታኅሣሥ 2

አባዬ ዐረፈ። ተኝቶ እንዳለ። ልቡ ነው አሉ።

አልነገርኩትም።

ታኅሣሥ 19

ሱቁን ከፈትኩ። ቀድሞ የመግባት ልማዴ አልለቀቀኝም፤ ጎህ ሳይቀድ ገባሁ። ገብቼ የሚስተካከል ነገር አጣሁ።

ባለ ብስክሌቱ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። «ነይ እስቲ እኔ ጋ ተቀመጪ» አሉኝ። ከሱቃቸው ደጅ ካሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ መቀመጫ አለ። ተቀመጥን።

«ይቺ ቦታ የአባትሽ ናት» አሉ።

አልገባኝም።

«ጠዋት ጠዋት እዚህ ነበር የሚቀመጠው። ካንቺ ኋላ ይመጣና በመስታወቱ ያይሻል። ‹ሰውዬ፣ ብርድ ነው፣ ሱቅህ አትገባም እንዴ?› እለዋለሁ። ‹ሥራ ላይ ናት፣ አልረብሻት› ይለኛል። አጣጥፈሽ ስታስቀምጪ ‹በል፣ ጨረሰች› ብሎ ይነሣል። መንገዱን ሲሻገር ሆን ብሎ ያስላል። ጉንፋን የለበት፣ ምን የለበት!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ… ሁለት ክረምት እዚሁ ከኔ ጋር በርዶታል።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አስምሎኝ ነዋ። ‹እኔን ላለማሳፈር ነው እንዲህ የምትለፋው፤ ካወቀች እሷ ታፍራለች› አለኝ።»

እዚያው መቀመጫው ላይ አለቀስኩ። ሰው አላፊ አግዳሚው እያየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። እኔ እሱን የምደብቅ መስሎኝ… እሱ እኔን። እና ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ስዘረግፍበት አንድ ቃል ቢናገር ይረታኝ ነበር። ሁሉንም እያወቀ እሺ አለኝ። እሺ!

ጥር 16

ስብሰባ ነበር። የሆቴሉን ሥራ እንዴት እንዳገኘሁ ንገሪን ብለው አስነሡኝ። ብዙ አስቤ ሄጄ ነበር፣ ስቆም ሁሉም ጠፋብኝ። «መስመሩን ወደ ውጭ አስምሩ» አልኩ። «ሰው ይስታል። ሲስት የሚቃናበት ጨርቅ ተዉለት።» ከዚያ ተቀመጥኩ። ሁሉም ጻፉት፤ ስለ ልብስ የነገርኳቸው መስሏቸዋል።

ባለ ሻማዋ ብቻ አልጻፉም። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

የካቲት 8

የሆቴሉ መጋረጃ ሥራ እኛ ጋ ሆነ። ብቻዬን ስለማልወጣው አንዲት ሰፊ ቀጥሬያለሁ። የሁለት ልጆች እናት፤ ፋብሪካ ዓመታት ሠርታ የተቀነሰች። እጇ ጎበዝ ነው፣ ልቧ ግን የተሸበረ። መቀስ ሲወድቅ ሳይቀር «ይቅርታ» ትላለች። የሱቁን በር ቁልፍ ሰጥቻታለሁ።

ትናንት የአንድ ደንበኛ ኮት ላይ ኮሌታውን አጣማ ተከለችው። አየሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። እሷም ቆየት ብላ አየችው፤ ፊቷ ሲለዋወጥ ያስታውቃል። ኮቱን ቶሎ አጣጥፋ ከስር ከተተችው።

ዛሬ ጠዋት ስመጣ ሱቁ ውስጥ መብራት በርቷል። በመስታወቱ አየኋት። ኮሌታውን እየተረተረች ነው። ሁለት ጊዜ ተርትራ አንድ ጊዜ በሩን ታያለች። እጄ ከበሩ እጀታ ሊደርስ ነበር።

ዞርኩ። መንገዱን ተሻግሬ አውቶቡስ መቀመጫው ላይ ተቀመጥኩ። ብርድ ነው። እሱ ስንቱን ጠዋት ቻለው?

ባለ ብስክሌቱ የሕፃን ጋሪ ገልብጠው ጎማ ያስሩ ነበር። ቀና አሉ። «ምነው ልጄ፣ አትገቢም እንዴ?»

«ሥራ ላይ ናት» አልኩ። «አልረብሻት።»

መፍቻውን አስቀመጡ፣ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሁለታችንም መስታወቱን አየን። ተከለችው፣ በካውያ አሳረፈችው፣ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው። ቀና ብሏል። አጣጥፋ አስቀመጠችው።

«በይ፣ ጨረሰች» አሉኝ።

ተነሣሁ። መንገዱን ስሻገር ሁለቴ አሳልኩ።