ሣጥኑ ላይ ያለው ስም

ናባዓ፣ ቤሩት
ኅዳር ፬ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.

ከወለደችኝ እናቴ ለይቼ ለማላያቸው ለቀፀላ እናት፣

እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት ነው? የኮምቦልቻ ብርድስ አልጠናብዎትም? በዚህ ሐዘን መሐል ጤና መጠየቅ አፌን ቢያስረውም፣ ሳልጠይቅ መጀመሩ አልሆነልኝም። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። መርዶው እንደደረሰዎት ውብሸት በስልክ ነግሮኛል። ይህንንም በስልክ ልኬለት የሚያነብልዎት እሱ ነው። ውብሸት ወንድሜ፣ አደራህን፣ አንድም ቃል ሳትዘል አንብብላቸው።

እትዬ፣ የምጽፈው ልቅሶ ልደርስዎት ብቻ አይደለም። ልጅዎ እዚህ አገር ማን እንደነበረች ልነግርዎት ነው።

እኔ በዘጠና ስምንት ስወጣ እስከ መናኸሪያው ሻንጣዬን የተሸከመችልኝ እሷ ነበረች። ከሦስት ዓመት በኋላ እሷም ቤሩት መግባቷን ሰማሁ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እየቆምኩ ‹ቀፀላ የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ› እያልኩ ጠየቅሁ። የሚያውቃት ጠፋ። አንድ ዓመት ጠየቅሁ፣ ሁለት ዓመት ጠየቅሁ፤ ኋላ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ተውኩት። አሠሪዬን፣ ማዳሜን፣ ለቅቄ ናባዓ ፀጉር ቤት ከከፈትኩ ወዲህማ ሥራው ዋጠኝ።

ባለፈው ወር ሩሐማ የምትባል የሐይቅ ልጅ መጥታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠችና ፀጉሬን ላጪኝ አለችኝ። ወገቧ የሚደርስ ፀጉር ነው፤ እምቢ አልኳት። ‹እሙሽ ሞታ ፀጉር ምን ያደርግልኛል! ኸላስ፣ በቃ፣ ላጪኝ!› ብላ አለቀሰች።

እሙሽን በዝና አውቃታለሁ። ከሱቄ ሁለት ሕንፃ አለፍ ብላ፣ በምትኖርበት ክፍል እሑድ እሑድ ሴቶችን ፊደል ታስቆጥራለች ይባላል። ነይ አግዣት ብለው ሁለት ጊዜ ጠርተውኝ፣ ሥራ አለብኝ ብዬ ቀርቻለሁ። ሩሐማ ስልኳን አውጥታ ፎቶዋን አሳየችኝ። ስትስቅ ነው የተነሣችው። የፊት ጥርሷ ጫፉ የለም። ቦርከና ወንዝ ድንጋይ ላይ ወድቃ የሰበረችው ጥርስ ነው እትዬ፤ ደሟን በቀሚሴ የጠረግሁት እኔው ነኝ።

ያን ቀን ሌላ ደንበኛ አልሠራሁም። ሩሐማና ጓደኞቿ ከበውኝ የነገሩኝን እርስዎም ይስሙት።

ቀፀላ የመጀመሪያ ማዳሟ ደመወዝ ስትከለክላት ወጥታ፣ ምካሌስ የሚባል ሰፈር ምንጣፍ ማጠቢያ ቤት ገባች። የመኖሪያ ወረቀት አልነበራትም፤ ያኒ፣ ማለቴ፣ ፖሊስ ቢይዛት መግቢያዋ እስር ቤት ነው። አብራት የምትኖር አንዲት ሴት ከአገር የመጣላትን ደብዳቤ በሰው አስነብባ፣ የቤቷ ጉድ ሰፈሩን ሞላው። ቀፀላ ተናደደች። ‹ከእንግዲህ ማናችሁም ምሥጢራችሁን ከሰው አፍ አትሰሙም› ብላ በማግሥቱ ደብተር ገዛች። እትዬ፣ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠችው ልጅዎ ሃያ ሦስት ሴቶችን ለማንበብና ለመጻፍ አብቅታለች።

ሩሐማ ደግሞ ያን ጊዜ አንጠልያስ ሰው ቤት ነበረች። በትኩሳት እየነደደች አሠሪዋ ሐኪም ቤት አልወስድም አለቻት። ወሬው በጎረቤት ሠራተኛ በኩል ቀፀላ ጋ ደረሰ። ያቺ ወረቀት የሌላት ሴት በጠራራ ፀሐይ አንጠልያስ ሄዳ፣ አራተኛ ፎቅ ወጥታ በሩን አንኳኳች። ማዳሟ ፖሊስ እጠራለሁ ብላ ስታስፈራራት፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ በዐረብኛ ‹ጥሪ፣ ያላ! እኔን ይውሰዱኝ፤ እሷን ግን ሐኪም ቤት ትወስጃታለሽ› አለቻትና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የየቤቱ በር ተከፈተ፤ ሰው ወጥቶ ያይ ጀመር። ማዳሟ አፈረችና የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች። ሩሐማ ዛሬ በሕይወት ያለችው በዚያ ምክንያት ነው።

ይህን ስሰማ እያለቀስኩ ኮራሁ። ‹የማን ልጅ መሰለቻችሁ!› አልኳቸው። እርስዎም ለቀስተኛው ፊት አንገትዎን እንዳይደፉ።

የወሰዳት የሳንባ ሕመም ነው። ብቻዋን አልሞተችም፤ ሴቶቹ እየተፈራረቁ አስታመዋታል። እኔ ግን አልነበርኩም። ሁለት ሕንፃ ነበር፣ እትዬ። ሁለት ሕንፃ! ይህን ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልንገርዎት። ሐሙስ አስከሬኗ ሲደርስ ሣጥኑ ላይ ቀፀላ የሚል ስም አያገኙም። ያኔ ደላላው ዕድሜሽ አልሞላም ብሎ በሌላ ስም ፓስፖርት ሊያወጣላት፣ ማን ልበል ቢላት፣ ቶሎ አፏ ላይ የመጣላትን ስም፣ የእርስዎን ስም ሰጠችው። እኔ እርስዎን እትዬ እያልኩ አድጌ፣ ሰው ሁሉ እሙሽ፣ እሙሽ ሲል ልቤ ወደ ቤትዎ አልሄደም። ውብሸት ጽሑፉን ሲያነብልዎት እንዳይደነግጡ፤ ሣጥኑ አልተሳሳተም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚህ የተጠራው፣ የተመረቀውም ያው ስም ነው።

ሩሐማ አብራ ትመጣለች፤ አንድ ነጠላ በእጅዎ ትሰጥዎታለች። ቀፀላ መባሏን ለሴቶቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ አንዳቸውም አያውቁም ነበር። ተቀባብለው፣ አንዷ አንዱን ፊደል እየያዘች፣ ያን ስሟን ጥለቱ ላይ በመርፌ ጽፈውታል። ‹ፀ› ትንሽ ጠመም ብላለች። ላቃናት ብል ሩሐማ እጄን ያዘችኝ፤ እሷ ያስተማረችን እንዲህ ነው አለች።

ያቺን ልጅ የሰጠዎት አምላክ ጽናቱንም ይስጥዎ፤ ጉልበትዎን ያበርታልዎ፤ ደጅዎ ሰው አይጣ።

ከልጅዎ ጋር አንድ ግቢ ያደግሁት
ሌላዋ ልጅዎ